ከመያዛችን በፊት እንቁጠር፦ ለቤታችን የሚስማማ እንስሳ አመራረጥ

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፉት ወራት በቡና ሰዓት ደጋግሞ የተነሣ ጥያቄ አለ። አንዷ እህታችን «ልጆቹ ውሻ ካላመጣችሁልን እያሉ አስቸገሩኝ» ትላለች። ሌላዋ «ሌባ አላስቀምጥ ስላለን ውሻ ልናስገባ ነው» ትላለች። ሦስተኛዋ ደግሞ «አይጥ ጤፋችንን ጨረሰው፤ ድመት ያላችሁ እባካችሁ» ትላለች። የሥራ አመራር ኮሚቴው ይህን ሰምቶ ጉዳዩ በስብሰባ ላይ እንዲቀርብ ወሰነና ሥራውን ለእኛ ለሒሳብ ክፍሎቹ ሰጠን። እንስሳንና ሒሳብን ምን አገናኛቸው ብላችሁ ብትስቁ አይፈረድባችሁም። እኛም መጀመሪያ ስቀን ነበር። እስክሪብቶና ወረቀት ይዘን ቁጭ ስንል ግን ሳቁ ቀረ።

ከሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። እኛ የእንስሳት ሐኪሞች አይደለንም። ስለ ጤና የምናነሣው ሐኪሞች ሁልጊዜ የሚመክሩትን የታወቀ ምክር ነው። የእኛ ሙያ መቁጠር ነው። ገንዘብ እንቆጥራለን፤ ዛሬ ደግሞ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሰዓትም ጉልበትም እንቆጥራለን። ምክንያቱም እንስሳ ወደ ቤት ሲገባ የሚፈልገው ልጅ ወይም አባወራ ሊሆን ይችላል፤ ውሃ የሚያቀርብለት፣ ቆሻሻውን የሚጠርግለት፣ ሲታመም ይዞት የሚሄደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። እናት ናት፣ ታላቅ እህት ናት፣ አለዚያም የቤት ሠራተኛዋ ናት። ይህ ሥራ በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ዛሬ እንዲሰፍር እንፈልጋለን።

ትንሹ ወጪ የመግዣው ዋጋ ነው

ብዙዎቻችን እንስሳ የምናገኘው በነፃ ነው። የጎረቤት ውሻ ትወልዳለች፤ «አንድ ቡችላ ውሰዱ» እንባላለን፤ ልጁ በሹራቡ ጠቅልሎ ይዞት ይመጣል። በሒሳብ ዓይን ግን ነፃ ቡችላ የሚባል ነገር የለም። ደህና የተያዘ ውሻ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ዓመት ይኖራል። በቤት የምትያዝ ድመት 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ልትቆይ ትችላለች። ዛሬ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ ያመጣው ቡችላ ልጁ 12ኛ ክፍል ሲደርስ አርጅቶ ደጅ ላይ ይተኛል ማለት ነው። እናት በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ስታበላው ኖራለች።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ መካከለኛ ውሻ በቀን የ30 ብር ምግብ ይበላል ብለን እንያዝ። ይህ ለስሌት ያህል የያዝነው ቁጥር ስለሆነ እያንዳንዳችሁ በሰፈራችሁ ዋጋ ቀይሩት። በወር 900 ብር ነው። በዓመት 10,950 ብር ይሆናል። ዋጋው ምንም ባይጨምር እንኳ በ10 ዓመት 109,500 ብር ይደርሳል። ክትባቱ፣ የትላትል መድኃኒቱ፣ ማሰሪያው፣ የሚያድርበት ቤት፣ ሲታመም የሐኪሙ ክፍያ ገና አልተደመረም። በየወሩ የምንቆጥበውን መጠን የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን ይህን ቁጥር ከቁጠባ ደብተራችን ጎን አድርገን ማየት አይከብደንም።

«ትራፊ ይበላ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ትራፊ የሚተርፈው ስንት ቤት ነው? በጾም ወራትስ? ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ውሻ የሰውን ምግብ ሁሉ ስለሚለምድ ሽሮና እንጀራ ለጊዜው ያቆየው ይሆናል። ድመት ግን ተፈጥሮዋ ሥጋ በል ነው። ከእንስሳት ሥጋ የምታገኘው ንጥረ ነገር ካጣች ልቧና ዓይኗ ይጎዳል። ስለዚህ በጾም ወቅት ቤተሰቡ ከሥጋ ሲርቅ የድመቷ ምግብ ለብቻው ይታሰባል። ይህን ሳናሰላ ድመት ካመጣን እሷም የራሷን መፍትሔ ፍለጋ ጎረቤት ወጥ ቤት ትገባለች፤ ከጎረቤትም ታጣላናለች።

አሁን ደግሞ ሰዓቱን እንቁጠር። ማብላት፣ ውሃ መቀየር፣ መጥረግ፣ ማጠብ፣ ማንሸራሸር በቀን ግማሽ ሰዓት ይወስዳል ብንል በዓመት 182 ሰዓት ተኩል ነው። በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ስናካፍለው ከ22 የሥራ ቀን በላይ ይሆናል። አንድ ሙሉ የደመወዝ ወር ማለት ነው። እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ እህት ይህን ወር ከየት ታመጣዋለች? መልስ ካላት ጥሩ። ከሌላት ጥያቄውን ቡችላው ከመምጣቱ በፊት ማንሣቱ ይሻላል።

አምስት ጥያቄዎች

እንስሳ ከመያዛችን በፊት ቤተሰቡ ተሰብስቦ እንዲመልሳቸው የምንመክራቸው አምስት ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛ፦ ለምን? ለጥበቃ ነው? ለአይጥ ነው? ለእንቁላል ነው? ለልጆች ጓደኛ ነው? ብቻቸውን ለሚውሉ እናታችን መጫወቻ ነው? ምክንያቱ ሲለይ እንስሳውም ይለያል። ለልጆች መጫወቻ ተብሎ የመጣ ቁጡ ውሻም ሆነ ለጥበቃ ተብሎ የመጣ ለስላሳ ውሻ ያለ ቦታው የተቀጠረ ሠራተኛ ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ ማን? ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚያበላው ማን ነው? ክፍለ ሀገር ስንሄድ ማን ጋር ይቀራል? «ሁላችንም» የሚል መልስ አንቀበልም። ስም ይጻፍ። ልጅ ኃላፊነት መልመዱ መልካም ነው፤ ሆኖም የልጅ ተስፋ እስከ ፈተና ሰሞን ነው። ከጀርባው አንድ ትልቅ ሰው መኖር አለበት። የቤት ሠራተኛ ካለች ደግሞ እሷም ትጠየቅ። ውሻ የምትፈራ ወይም የማትወድ ልትሆን ትችላለች። ስትቀጠር ያልተነገራት ሥራ ሲጨመርባት ዝም ብትል ተስማምታለች ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፦ የት? ግቢ አለን? አጥሩ ሙሉ ነው? የምንኖረው በኮንዶሚኒየም ነው? ቤቱ የኪራይ ከሆነ አከራዩ ያውቃል? ግቢው የጋራ ከሆነ ጎረቤቶች ተስማምተዋል? ከጎረቤቶቻችን መካከል በሃይማኖታቸውም ሆነ በልማዳቸው ከውሻ የሚርቁ አሉ። እነሱ የሚያልፉበት ደረጃ ላይ ውሻ ማሰር ጉርብትናን ይጎዳል። በችግር ቀን ፈጥኖ የሚደርስልን ጎረቤት መሆኑን አንርሳ።

አራተኛ፦ በስንት? ከላይ እንዳየነው የወር ወጪው ይጻፍ። በተጨማሪም ለሕክምና የሚሆን ትንሽ መጠባበቂያ በየወሩ ይቀመጥ።

አምስተኛ፦ እስከ መቼ? ቤት ብንቀይር፣ ሥራ ብንቀይር፣ ሰፈሩ ቢነሣ፣ ወደ ዐረብ አገር ብንሄድ እንስሳው ማን ጋር ይሆናል? ሰው የለቀቀው ግቢ ፍራሽ ላይ ተኝቶ ባለቤቶቹን የሚጠብቅ ውሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ያ ውሻ የተያዘው ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ነው።

ውሻ

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ታማኝነቱ የታወቀ ነው። ግቢ ላለው፣ ቀን ቤት የሚውል ሰው ላለበት፣ የውሻን ድምፅ ለሚፈልግ ቤት ተስማሚ ነው።

ዘሩን ስንመርጥ ወሬ አይምራን። የፈረንጅ ዘር ውሻ ያምራል፤ ነገር ግን ትልልቆቹ ብዙ ይበላሉ፤ ብዙ መንቀሳቀስም ይፈልጋሉ። ለሥራ የተፈጠረ እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያለ ውሻ በጠባብ ግቢ ቀኑን ሙሉ ቢታሰር ጉልበቱን የሚያወጣበት ስለሚያጣ ይቆጣል፤ ይጮኻል፤ ይናከሳል። የሀበሻ የምንለው የአገራችን ውሻ ደግሞ መጠኑ መካከለኛ ነው፤ አየሩን ለምዷል፤ ጮሆ ያስጠነቅቃል። ለአብዛኛው ቤታችን እሱ ይበቃል። ዘሩ የትኛውም ቢሆን ቡችላው ከእናቱ የሚለየው ቢያንስ 8 ሳምንት ሲሞላው ይሁን። ያለጊዜው የተነጠቀ ቡችላ ይታመማል፤ ንክሻውን መመጠንም ከእናቱና ከወንድሞቹ ሳይማር ይቀራል።

ስለ ማሰር ትንሽ እንቆይ። «ውሻ ካልታሰረ አይቆጣም» የሚል ልማድ አለ። ቀኑን ሙሉ የታሰረ ውሻ በእርግጥ ይቆጣል፤ ነገር ግን ሌባንና የጎረቤትን ልጅ የሚለይበት ዕድል አላገኘም። ሰው ያለመደ ውሻ የሚናከሰው ከፍርሃት ነው። ከቡችላነቱ ጀምሮ ሰው፣ ልጅ፣ እንግዳ እያየ ያደገ ውሻ ግን ማን ላይ መጮኽ እንዳለበት ይለያል።

እዚህ ላይ የአንዲት እህታችንን ነገር በፈቃዷ እናነሣለን። እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ሁለት ጊዜ ከጓሮ ከሰልና ዕቃ ተሰረቀባት። አንድ ዘመድ ትልቅ ዘር ቡችላ አመጣላት። ውሻው አደገ፤ ቀን ቀን በር አጠገብ ይታሰር ነበር። ደንበኞች መፍራት ጀመሩ፤ አንዳንዶቹ ሌላ ጋጋሪ ፈለጉ። አንድ ቀን ሰንሰለቱ ተበጠሰና እንጀራ ልትገዛ የመጣች የ7 ዓመት ልጅ እግሯን ነከሳት። ውሻው አልተከተበም ነበር። ልጅቷ ሙሉ ክትባቷን ጨርሳ ዛሬ ደህና ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እህታችን ለሕክምናውና ለመመላለሻው ከማኅበራችን የአደጋ ጊዜ ብድር ወሰደች፤ ከፍላ የጨረሰችው በብዙ ወራት ነው። ከገንዘቡ ይልቅ ያሳመማት ግን የልጅቷ እናት ለረጅም ጊዜ ሰላምታ መንፈጓ ነበር። ከዚያ በኋላ የጓሮውን በር አጠናከረች፤ መብራት አስገባች፤ ከሰሉን ወደ ውስጥ አዛወረች። ሌባው ቀረ። ለምን የሚለውን ጥያቄ ስንጠይቅ አንዳንዴ መልሱ ቁልፍና አምፖል ሆኖ ይገኛል።

ሴት ውሻ መያዝ የሚፈልግ ጥቂት ነው፤ ሴት ቡችሎች በካርቶን ተደርገው መንገድ ዳር የሚጣሉትም ለዚህ ነው። ውሻ የምታረግዘው ለሁለት ወር ያህል ነው፤ በአንድ ጊዜም በርካታ ቡችሎች ትወልዳለች። መፍትሔው ግን ሴቷን መጣል አይደለም። የእንስሳት ሐኪም በቀዶ ሕክምና ሊያመክናት ይችላል። የአንድ ጊዜ ወጪ ነው። ያመከናት ሰው የእሷን ብቻ ሳይሆን ሊመጡ የነበሩትን ቡችሎች ሁሉ ወጪ ዘጋ ማለት ነው። ሴት ውሻ ለቤት ጥበቃ ከወንዱ አታንስም።

ድመት

ግቢ ለሌለው፣ ሥራ ውሎ ማታ ለሚመለስ ቤት ከውሻ ይልቅ ድመት ትመቻለች። መንሸራሸር አትፈልግም፤ ራሷን ታጸዳለች፤ አሸዋ ወይም አፈር ያለበት ሳጥን ከተዘጋጀላት ቶሎ ትለምዳለች። አይጥንም ታርቃለች። አይጥ ጤፍና በርበሬ ከማበላሸቱም በላይ በሽታ ስለሚያስተላልፍ ይህ ቀላል አገልግሎት አይደለም። አንዳንዱ ሰው «ካበላናት አይጥ አትይዝም» ብሎ ድመቷን ያስርባታል። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም፤ አደን ተፈጥሮዋ ስለሆነ የጠገበችም ታድናለች። የተራበችው ግን ከአይጡ ይልቅ ድስቱን ትመርጣለች።

ድመት ካመጣን የአይጥ መርዝ ቤት ውስጥ መቀመጥ የለበትም። የተመረዘ አይጥ የበላች ድመት ራሷ ትመረዛለች። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው። በፎቅ ለምንኖር ደግሞ መስኮትና በረንዳ ይታሰብ፤ ድመት ከከፍታ ወድቃ አትጎዳም የሚባለው ልክ አይደለም።

ድመት ገና በ4 እና በ5 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፤ በዓመትም ከአንድ ጊዜ በላይ ትወልዳለች። ስለ ማምከን ለውሻ ያልነው ለእሷም ይሠራል።

ዶሮና ሌሎች

ከእኛ መካከል «እንስሳ ካመጣን የሚጠቅም ይሁን» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው። ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ትንሽ ጓሮ ላለው ቤት መልካም ናቸው። ልጅም እህል እየበተነ፣ እንቁላል እየሰበሰበ ይማራል። እንቁላል ለመጣል አውራ ዶሮ አያስፈልግም፤ አውራው የሚያስፈልገው ጫጩት ከተፈለገ ነው። ስለዚህ ጎረቤት በሌሊት እንዳይነቃብን አውራውን መተው እንችላለን። ፈንግል የሚባለው በሽታ ግን የሰፈሩን ዶሮ በአንድ ሰሞን ሊጨርስ ይችላል። ክትባት አለው፤ ከግብርና ባለሙያ ጠይቁ። ዶሮ ወጥ ቤትም መኝታ ቤትም አይደር፤ ከነካናቸው በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ለልጆች ተብሎ ጦጣ፣ ኤሊ ወይም ሌላ የዱር እንስሳ መግዛትን ግን ከምርጫ ዝርዝራችን እናውጣው። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ያስጠይቃል፤ ለእንስሳውም ስቃይ ነው። ሆለታ አቅራቢያ ያለው የእንሰሳ ኮቴ ማዕከል ከሰው እጅ የተወሰዱ አንበሶችንና አቦሸማኔዎችን ተቀብሎ ይንከባከባል። ብዙዎቹ ዳግመኛ ወደ ዱር መመለስ አልቻሉም።

ስለ ጤና የግድ ማወቅ ያለብን

የመጀመሪያው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ሰውን አይምርም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን በክትባት ሙሉ በሙሉ ይከለከላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው 100 አጋጣሚዎች እስከ 99 የሚሆኑት ከውሻ ናቸው፤ በሽታው አለበት ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት 10 ሰዎች መካከልም አራቱ ገደማ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ ቁመቱ አጭር ነው፤ ፊቱና አንገቱ ይነከሳል። መሮጥም ይወዳል። አንዳንዴም ቁጣ ፈርቶ መነከሱን ይደብቃል። ልጆቻችንን «ውሻ ቢቧጭርሽም ቢነክስሽም አልቆጣም፤ ብቻ ንገሪኝ» እንበላቸው። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ሕይወት ልታድን ትችላለች።

ሰው ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ መተው አይገባም። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ነገር ግን ክትባቱ አይቅር፤ አይዘግይም። ሐኪሙ ያዘዘው ቀጠሮም አንድም ሳይዘለል ይፈጸም። ውሻም ድመትም ብዙውን ጊዜ 3 ወር ሲሞላቸው ይከተባሉ፤ ከዚያም በሐኪሙ ቀጠሮ መሠረት ይደገምላቸዋል። የክትባት ካርዱን ከልጆች የክትባት ካርድ ጋር አብራችሁ አስቀምጡት።

ሁለተኛው የበዓል ጊዜ ጉዳይ ነው። በግ ስናርድ ወይም ቅርጫ ስንካፈል ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አንዳንዴ እናያለን። «ይህ አይበላም» እንልና ለውሻ እንወረውራለን። ትልቁ ስህተት እዚያ ጋ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ተውሳክ ውሻው አንጀት ውስጥ ትል ሆኖ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ በእጅ፣ በውሃ፣ ባልታጠበ ሰላጣ ወደ ሰው ይገባል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ከረጢቱ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድግና እስከ ቀዶ ሕክምና ያደርሳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥጋ ይቃጠል ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቀበር። ለውሻ የሚሰጥ የሆድ ዕቃ ሁሉ በደንብ ይቀቀል። የትላትል መድኃኒትም ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ ይሰጠው።

ሦስተኛው እርጉዝ እህቶቻችንን ይመለከታል። «እርጉዝ ሴት ካለች ድመት ትጣል» ይባላል። በድመት ዓይነ ምድር የሚወጣ፣ ለጽንስ አደገኛ የሆነ ተውሳክ መኖሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ተውሳኩ ከወጣ በኋላ ሰውን ለመያዝ የሚበቃው ከ1 እስከ 5 ባሉት ቀናት ነው። ስለዚህ ሳጥኑ በየቀኑ ከተጸዳና የሚያጸዳው ሌላ ሰው ከሆነ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ይኸው ተውሳክ በጥሬ ሥጋና ባልታጠበ አትክልትም ይገባል። ድመቷን አባርሮ ጥሬ ክትፎ መብላት ታዲያ ምን ይረባል? በማንኛውም ምክንያት የበሽታ መከላከል አቅማቸው የቀነሰ እህቶቻችንም ይህንኑ ጥንቃቄ ያድርጉ።

አለመያዝም ምርጫ ነው

ነርስ የሆነች አንዲት አባላችን አምስቱን ጥያቄዎች ወስዳ ከልጇ ጋር ቁጭ ብላ ሞላቻቸው። የምትኖረው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። በወር ውስጥ ብዙ ሌሊት ተረኛ ናት። ልጇ ውሻ ነበር የፈለገው። «ማን?» የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ልጁ ራሱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እማ፣ አንቺ ተረኛ ስትሆኚ እኔ እራሱ አክስቴ ጋ ነው የማድረው» አላት። አሁን ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ የአክስቱን ውሻ ያጥባል፤ ያንሸራሽራል። ወጪ የለውም፤ ፍቅሩ ግን አለው። ዓመታት አልፈው ቤታቸውና ሰዓታቸው ሲለወጥ እንደገና ይሞሉታል።

እኛ ይህን ውሳኔ ውሻ ከመያዝ አሳንሰን አናየውም። ለእንስሳ የሚራራ ሰው ሊይዘው የማይችለውን አያመጣም። በተቃራኒውም ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናታችን ድመት ከያዙ ወዲህ ጠዋት ቶሎ ለመነሣት ምክንያት አግኝተዋል። «የምታስነሣኝ እሷ ናት» ይላሉ። ጡረታቸው ትንሽ ቢሆንም የድመቷን ወጪ አስልተው፣ ቡናቸውን ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ቀንሰው ነው የያዟት። የሒሳብ ክፍሉ ደብተራቸውን አይቶ አጽድቆላቸዋል።

ወደፊት ምን እናድርግ?

ሦስት ሐሳብ አቅርበን እንጨርሳለን።

አንደኛ፦ አምስቱን ጥያቄዎች በአንድ ገጽ አትመን በቁጠባ ደብተራችሁ ውስጥ እናስገባለን። ቡችላ ወይም የድመት ግልገል ከመቀበላችሁ በፊት ከቤተሰባችሁ ጋር ሙሉት። የመጨረሻው መስመር ላይ የሚያበላው ሰው ይፈርማል።

ሁለተኛ፦ በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው። ቀኑ የተመረጠው የበሽታውን ክትባት ያገኘው ሉዊ ፓስተር ያረፈበት ዕለት ስለሆነ ነው። በእኛ ዘመን አቆጣጠር ከመስቀል ማግስት ገደማ ይውላል። በዚያ ሰሞን አባላት ውሾቻችንንና ድመቶቻችንን በአንድ ላይ እንድናስከትብ ሐሳብ እናቀርባለን። በአንድ ቀን ብዙ ሆነን ሐኪም ስንጠራ ለእያንዳንዳችን የሚደርሰው ወጪ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ለደጋፊዎቻችን ነው። እስካሁን የሰጣችሁን ድጋፍ ለሥራ ማስጀመሪያ ብድር አውለነዋል። ውሻ ለመግዣ ገንዘብ አንጠይቃችሁም። ነገር ግን ከአደጋ ጊዜ ፈንዱ ውስጥ ለእንስሳት ክትባትና ማምከኛ የሚውል አነስተኛ የበጀት መስመር እንዲከፈት ብትፈቅዱልን ወጪው ከጥቅሙ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ መሆኑን በቁጥር ልናሳያችሁ ዝግጁ ነን። የአንድ ውሻ ክትባት የአንዲትን ልጅ ተደጋጋሚ ክትባት፣ የእናቷን የሥራ ቀናትና የጎረቤትን ቂም ያስቀራል። እንጀራ ጋጋሪዋ እህታችን የከፈለችውን ያየን ሰዎች ይህን ሒሳብ ለመሥራት ካልኩሌተር አላስፈለገንም።

እንስሳ በቤት መኖሩ ደስታ ነው። ደስታው የሚቆየው ግን አቅማችንን አውቀን፣ ሥራውን ተካፍለን፣ እስከ መጨረሻው እንይዘዋለን ብለን ስንጀምር ነው። ጥያቄ ያላችሁ ከሻዩ ጋር እንወያይ።